ቁልፉን ገና አታዙሩት፦ የጀልባ ሞተር ውስጥ የማይሆን ፈሳሽ ሲገባ

እንደምን አረፈዳችሁ! ኧረ እንደዚህ ቀዝቅዛችሁማ አይሆንም፣ እንደምን አረፈዳችሁ? አዎ፣ አሁን ተሰማ። በቅድሚያ ለጋበዛችሁኝ አዘጋጆች ምስጋናዬ ይድረስልኝ። ከኋላ የቆማችሁ፣ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ፣ ኑ ቁጭ በሉ። አትፍሩ፣ ጥያቄ አላበዛባችሁም፣ አንዲት ብቻ ናት ያለችኝ።

እሷም ይቺ ናት፦ እዚህ ውስጥ የጀልባ ሞተር ላይ የማይሆን ነገር አፍስሶ የሚያውቅ ማነው? ናፍጣ መግባት ያለበት ቦታ ቤንዚን፣ በሞተር ዘይት ቦታ የካምቢዮ ዘይት፣ ምንም ይሁን ምን። እጅ አውጡ እስቲ። አንድ... ሁለት... እዛ ጋ ደሞ ግማሽ እጅ አለ። (ሳቅ) በቃ? ይሄ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ በቃ? እንግዲያው እኛ ጋራዥ ተጎትተው የሚመጡት ጀልባዎች የማን ናቸው ታዲያ?

እሺ አላስጨንቃችሁም። እኔ መካኒክ ነኝ፣ ንግግር አዋቂ አይደለሁም፣ ስለዚህ ወዲህ ወዲያ ካልኩ ታገሱኝ። ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ስለ አንዲት አጭር ጊዜ ነው። ፈሳሹ ከተሳሳተው ቦታ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ቁልፉ እስከሚዞርበት ሰዓት ድረስ ስላለችው ጊዜ። አብዛኛው ሞተር የሚተርፈውም የሚሞተውም እዛች መሃል ላይ ነው። ፈሳሹ ታንክ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳለ ብዙ ጊዜ ምንም አላበላሸም፣ ቀድቶ ማውጣትና ማጠብ ነው። ቁልፉ ከዞረ በኋላ ግን ሌላ ወሬ ነው የምናወራው።

ሶስት ነገር እናያለን። አንደኛ ስህተቱ እንዴት እንደሚፈጠር፣ ሁለተኛ የትኛው የት ሲገባ ምን እንደሚያደርግ፣ ሶስተኛ ከሆነ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለብን። ሰዓት ካለን ጥያቄ እቀበላለሁ።

አንደኛው። እንዴት ይሆናል?

ሰው ሁሉ "ቸልተኝነት ነው" ይላል። እኔ አልስማማም። ሲሳሳቱ ያየኋቸው ብዙዎቹ ጠንቃቃ ሰዎች ናቸው። እስቲ አንድ መካከለኛ ጀልባ ላይ ስንት አይነት ፈሳሽ እንዳለ አብረን እንቁጠር። ነዳጅ አለ። የሞተር ዘይት አለ። ታች ፕሮፔለሩ ጋ ያለው የማርሽ ቤት የራሱ ዘይት አለው። አውትቦርዱን፣ ከጀልባው ኋላ በውጪ የሚታሰረውን ሞተር ማለት ነው፣ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው የትሪም ሲስተም የራሱ አለው። መሪው ሃይድሮሊክ ከሆነ እሱም የራሱ አለው። ሞተሩ ጀልባው ውስጥ ያለ ኢንቦርድ ከሆነ ኩላንት፣ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ሊኖር ይችላል። ዘይቱን ከነዳጁ ጋር የሚያቃጥልና በራሱ የሚያስገባ ቱ ስትሮክ ሞተር ከሆነ ለብቻው የዘይት ታንክ አለው። በዛ ላይ የመጠጥ ውሃ ታንክ፣ የሽንት ቤት ታንክ... ቆጠራችሁ? አሁን ንገሩኝ፣ የነዚህ ሁሉ ክዳን ምን ይመስላል? ዴኩ ላይ ያሉት ሁሉም ክብ፣ ሁሉም የሚያብረቀርቁ፣ ሁሉም በአንድ ቁልፍ የሚከፈቱ ናቸው! ላያቸው ላይ የተጻፈውን ደሞ ጨውና ፀሐይ በልቶታል። ታዲያ ሰውየው ምን ያድርግ?

አንድ የማውቀው ሰው ጀልባ ገዛ። አዲስ ነገር ነውና ደስ ብሎት ታናሽ ወንድሙን "ሄደህ ነዳጅ ሙላልኝ" ይለዋል። ልጁ ጀልባው ጠርዝ ላይ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያያል፣ ክዳንም የለውም፣ የነዳጁን አፍ ከተተና መሙላት ጀመረ። ቀዳዳው ምን መሰላችሁ? የአሳ ማጥመጃ ዘንግ ማቆሚያ! (ሳቅ) አዎ ሳቁ፣ እኔም ስሰማ ስቄያለሁ። ግን አስቡት፣ ብዙ የዘንግ ማቆሚያ ታቹ ክፍት ነው፣ የገባበት ነገር በሙሉ ቢልጅ የምንለው የጀልባው የታችኛው ሆድ ውስጥ ነው የሚወርደው። ያ ሁሉ ቤንዚን እዛ ተኝቷል ማለት ነው። የቤንዚን ትነት ደሞ ከአየር ይከብዳል፣ ወደ ላይ አይሄድላችሁም፣ ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጎ ይተኛል። አንዲት ብልጭታ ናት የምትጠብቀው።

እና ሰውየው መጣ፣ ሸተተው፣ የመጀመሪያ ሃሳቡ ምን ይመስላችኋል? "የቢልጁን ፓምፕ ላብራና ላውጣው!" እጁ ማብሪያው ላይ ደርሶ ነበር፣ ጎረቤት ጀልባ ላይ የነበረ አንድ ሽማግሌ ነው ጮሆ ያስቆመው። ተረፉ። ሰው አወረዱ፣ እሳት አደጋ ጠሩ፣ በቃ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። የቢልጅ ፓምፕ አውቶማቲክ ከሆነ ተንሳፋፊ ማብሪያ አለው፣ ፈሳሽ ከፍ ሲል እናንተን ሳይጠይቅ ይነሳል። ብዙ ጀልባ ላይ ደሞ ከባትሪው ጋር በቀጥታ ነው የታሰረው፣ ዋናውን ማብሪያ ብታጠፉት እንኳን እሱ ይሰራል። ይሄ የተደረገው ለጥሩ ነው፣ ማንም በሌለበት ጀልባ እንዳይሰምጥ። ቤንዚን ቢልጅ ውስጥ ከገባ ግን ያው ጠባቂ የነበረው ሊያቃጥላችሁ ወይም ቤንዚኑን ውሃው ላይ ሊተፋው ይችላል። ስለዚህ ቤንዚን በብዛት ታች ከፈሰሰ መብራት፣ ፓምፕ፣ ሬዲዮ፣ አየር ማስወጫ ቬንቲሌተሩም ቢሆን ምንም አትንኩ። ሰው ይውረድ፣ ስልክም ከጀልባው ርቃችሁ ደውሉ። ሞተር እንኳን ቢቀር ይቀራል።

ሌላው ምንጭ ጀሪካን ነው። ስለ ጀሪካን ብዙ ማውራት እችላለሁ ግን አላሰለቻችሁም። ዘይት የተገዛበት እቃ ባዶ ሲሆን አይጣልም አይደል? ሌላ ነገር ይሞላበታል፣ ላዩ ላይ ያለው ጽሁፍ የድሮውን ይናገራል፣ ውስጡ ያለው ሌላ ነው። ቀለምም አያድናችሁም። አሜሪካ ቀይ ጀሪካን ቤንዚን ነው፣ ቢጫው ናፍጣ። እንግሊዝ ሂዱ፣ አረንጓዴው ቤንዚን፣ ጥቁሩ ናፍጣ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ታዲያ ቀለሙን አይቶ የሚያፈስ ሰው ምን ላይ ነው የተማመነው? ማርከር ይግዙ፣ ይጻፉበት፣ በቃ። ለዚህች ለዚህች ስብሰባም አያስፈልጋት።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ዋናው ይሄ ነው፣ ትንሽ እቆያለሁ እዚህ ላይ።

ቤንዚን ናፍጣ ሞተር ውስጥ ሲገባ። ናፍጣ ነዳጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ የነዳጅ ፓምፑንና ነዳጁን የሚረጨውን ኢንጀክተር የሚያለሰልሰውም እሱ ራሱ ነው። ናፍጣን በጣታችሁ ብታሹት ቅባት ነው፣ ቤንዚን ደሞ ያለውንም ቅባት ጠርጎ ይሄዳል። ዘመናዊ ኮመን ሬይል ሞተር፣ ነዳጁን ሬይል በሚባል አንድ የጋራ ቧንቧ ለኢንጀክተሮቹ የሚያድለው፣ እሱ ላይ ግፊቱ እስከ 2,000 ባርና ከዛም በላይ ይደርሳል። በዛ ግፊት ብረት ከብረት ጋር ያለ ቅባት ሲፋተግ ምን ይሆናል? ይፋቃል። የተፋቀችው ብናኝ ደሞ እዛው አትቀርም፣ በቧንቧው፣ በሬይሉ፣ በኢንጀክተሩ ትዞራለች። ከዛ በኋላ ፓምፑን ብቻ መቀየር ዋጋ የለውም፣ ከታንክ እስከ ኢንጀክተር ሁሉንም ነው የምታወርዱት።

አንድ ጋሼ ነበሩ፣ እድሜ ልካቸውን በናፍጣ ሞተር የሰሩ፣ እጅግ የማከብራቸው። እኔና እሳቸው በዚህ ጉዳይ አንድ ቀን ክርክር ገጠምን። "ልጄ፣" አሉኝ፣ "ናፍጣ ሞተር እኮ ያገኘውን ነው የሚጠጣ። እ.ኤ.አ. በ1900 ፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ በለውዝ ዘይት አስነስተው አሳይተዋል፣ ታዲያ ለጥቂት ቤንዚን ምን ትንጫጫለህ?" ወሬው እውነት ነው! የለውዝ ዘይቱ ነገር በደንብ የታወቀ ታሪክ ነው፣ የናፍጣ ሞተር ፈልሳፊው ሩዶልፍ ዲዝል ራሱ በኋላ አውርቶታል። እኔም "ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፣ ግን የለውዝ ዘይት ዘይት ነው እኮ፣ ያለሰልሳል፣ ቤንዚን ደሞ ያደርቃል" አልኳቸው። ዝም አሉ፣ ከዛ "ለድሮዎቹ ሞተሮች ግን አይከፋም ነበር" አሉ። እሱም ቢሆን ግማሽ እውነት አለው። የድሮ ሜካኒካል ፖምፓ ያለው ሞተር ትንሽ ቤንዚን የተቀላቀለበት ናፍጣ ጠጥቶ ሊወጣው ይችላል፣ ሰዎች የሚሳሳቱት ያንን ያዩና አዲሱም እንደዛ ይመስላቸዋል። እኔ አሮጌም ላይ ቢሆን አልመክርም፣ ምክንያቱም ሌላ ጣጣ አለ።

ጣጣው ምን መሰላችሁ? የናፍጣ ትነት በቀላሉ እሳት የሚይዘው ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ነው። የቤንዚን ትነት ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ እሳት ይይዛል። በዚህ ምክንያት ቤንዚን ጀልባ ውስጥ ያለው ሞተሪኖ፣ ዲናሞ፣ ማብሪያ ሁሉ ብልጭታው ወደ ውጪ እንዳይወጣ ታሽጎ ነው የሚሰራው። ናፍጣ ጀልባ ላይ ያ ሁሉ ጥንቃቄ ላይኖር ይችላል፣ ስለማያስፈልገው። እና እናንተ የናፍጣ ጀልባ ታንክ ውስጥ ቤንዚን ስትጨምሩ፣ ለቤንዚን ያልተዘጋጀ ክፍል ውስጥ ቤንዚን አስቀመጣችሁ ማለት ነው። ገባችሁ? መኪና ላይ ቢሆን ቢያንስ ከታች አየር አለ። ጀልባ ግን ዝግ ሳጥን ነው።

ናፍጣ ቤንዚን ሞተር ውስጥ ከገባስ? ይጨሳል፣ ይንገጫገጫል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ይቆማል። ታንኩን ትቀዳላችሁ፣ መስመሩን ታጥባላችሁ፣ ፊልትሮና ካንዴላ ትቀይራላችሁ። ብዙ ጊዜ ይድናል። እንለፍ።

አሁን ዘይት። እዚህ ላይ አንድ የሚገርማችሁን ነገር ልንገራችሁ። የማርሽ ቤት ዘይት ላይ 80ደብሊው-90 ተብሎ ተጽፎ ታያላችሁ፣ የሞተር ዘይት ላይ ደሞ 40 ወይ 50። ሰው ቁጥሩን ያይና "90ው በጣም ወፍራም ነው" ይላል። አይደለም! የቁጥር አሰጣጡ የተለያየ ነው፣ የማርሽ 90 የሚባለው ሲሞቅ ውፍረቱ ከሞተር 40 ወይም 50 ጋር ተቀራራቢ ነው። ታዲያ ልዩነቱ የት ነው? ውስጡ በተጨመረው ኬሚካል ላይ። የማርሽ ዘይት ጥርስ ከጥርስ ሲጋጭ ያለውን ከባድ ጫና እንዲችል ሰልፈርና ፎስፈረስ ያለበት ነገር ይጨመርበታል፣ የጀልባው ደሞ ውሃ ትንሽ ሾልኮ ቢገባ እንኳን መከላከያው እንዳይጠፋ ተደርጎ ነው የሚቀመመው። ያንን ሞተር ውስጥ ብትከቱት፣ በሞተሩ ሙቀት መዳብ ያለባቸውን ክፍሎች ሊበላ ይችላል፣ የቃጠሎውን ጥቀርሻ የሚያጥብ ነገርም የለውም። የሞተር ዘይት ማርሽ ቤት ውስጥ ብትከቱ ደሞ በተቃራኒው ጥርሱን የሚጠብቅ ነገር የለም። ውፍረታቸው ስለተቀራረበ በእጅ ነክታችሁ አትለዩዋቸውም። የሚለያቸው ሽታ ነው፣ የማርሽ ዘይት የሰልፈር ሽታ አለው፣ አንዴ ያሸተተው አይረሳውም። እኔ አዲስ ልጅ ስራ ሲጀምር መጀመሪያ የማስተምረው ማሽተት ነው። ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ቱ ስትሮክና ፎር ስትሮክ ላይ ያለው መደናገር ደሞ ሌላ ነው። የቱ ስትሮክ ዘይት ከነዳጁ ጋር አብሮ ይቃጠላል፣ ስለዚህ አመድ እንዳይተው ተደርጎ ነው የሚሰራው፣ ላዩ ላይ ቲሲ-ደብሊው 3 የሚል ፈልጉ። የፎር ስትሮክ ዘይት አይቃጠልም፣ ከሞተሩ ስር ካለው የዘይት ቋት፣ ከኮፓው፣ እየተነሳ ይዞራል፣ እዛ ላይ ኤፍሲ-ደብሊው የሚል ፈልጉ። ሁለቱንም መለኪያ ያወጣው ኤንኤምኤምኤ የሚባለው የአሜሪካ የጀልባና የሞተር አምራቾች ማህበር ነው። "የመኪና ዘይት ብጠቀም ምን አለበት፣ ያው ዘይት ነው" ለሚሉኝ፦ ኤፍሲ-ደብሊው ከዝገት መከላከሉ ለብቻው ይፈተናል። መኪናችሁ ውሃ ላይ አይውልም፣ ጀልባችሁ ይውላል። መኪናችሁ ቀኑን ሙሉ በፉል ጋዝ አይነዳም፣ ጀልባችሁ ይነዳል።

ግን ከዚህ ሁሉ ቱ ስትሮክ ላይ ቶሎ የሚገድለው የተሳሳተ ዘይት ሳይሆን ዘይት ጭራሽ አለመኖሩ ነው። በእጅ የሚቀላቀልለት ሞተር ውስጥ ንጹህ ቤንዚን ይሞላና ይነዳል። ብዙዎቹ 50 ለ1 ነው የሚቀላቀሉት፣ 25 ሊትር ቤንዚን ላይ ግማሽ ሊትር ዘይት ማለት ነው። ያቺ ግማሽ ሊትር ከሌለች ፒስተኑ ሲሊንደሩን እየፋቀ ይሞቃል፣ ይጣበቃል፣ ያበቃለታል። የሚያሳዝነው ደሞ ከመሞቱ በፊት አንዳንዴ ጥሩ ነው የሚሄደው፣ ጭስ የለ ምን የለ፣ ባለቤቱ "ዛሬማ ተሻለው" ይላል። ተሻለው!

ኩላንት ላይ ብዙ አልቆይም። አረንጓዴና ብርቱካናማ በቀለም እያያችሁ አትቀላቅሉ፣ ቀለሙን እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደፈለገው ነው የሚቀባው፣ የማይስማሙት ተገናኝተው ሊረጉና ጠባብ መተላለፊያውን ሊዘጉት ይችላሉ። ለክረምት ቧንቧ እንዳይፈነዳ የሚጨመረው ሮዝ ፕሮፒሊን ግላይኮል ደሞ ለመጠጥ ውሃ መስመርና ለሞተሩ የውጪ ውሃ መስመር ነው እንጂ የሞተሩ ዝግ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለመኖር አይደለም። በዛው ልክ የመኪናውን ኤቲሊን ግላይኮል የመጠጥ ውሃ መስመር ውስጥ እንዳታስገቡ፣ መርዝ ነው፣ ጣዕሙ ደሞ ይጣፍጣል፣ ልጆችና እንስሳት ይጠጡታል። እሱ ላይ ቀልድ የለም።

አሁን የምፈራውን ልንገራችሁ። የፍሬን ዘይት።

መጀመሪያ ላይ ቁልፉ እስኪዞር ድረስ ጊዜ አላችሁ አልኳችሁ አይደል? ይሄኛው ላይ አይሰራም። የፍሬን ዘይት ሃይድሮሊክ መሪ ውስጥ ከገባ ቁልፍ አይጠብቅም፣ እናንተ ተኝታችሁ እያለ ይሰራል። የፍሬን ዘይት፣ ዶት 3 እና ዶት 4 የሚባለው፣ ግላይኮል ነው። የጀልባ መሪ ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዙት የጎማ ማሸጊያዎች፣ ደሞ በአብዛኛው ለማዕድን ዘይት የተሰሩ ናቸው። ሲገናኙ ጎሚኒው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ቅርጹን ያጣል። በመጀመሪያው ቀን ምንም አታዩም! መሪው ይሰራል፣ ጥሩ ነው፣ "ዘይቱ አነሰ ጨመርኩበት ተስተካከለ" ትላላችሁ። ከሰነበተ በኋላ ነው መሪው የሚላላው፣ ታዞሩታላችሁ አይመልስም፣ ከሲሊንደሩ ጫፍ ይንጠባጠባል።

አንዲት ጀልባ እንደዚህ ሆና መጣች፣ ካፒቴኑ ወደ መቆሚያው ሲገባ መሪው ዝም አለው፣ ጠርዙን ገጭቶ ቆመ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። ስንከፍተው ጎሚኒዎቹ በጣት ሲነኩ ይበተናሉ። ምን እንደጨመሩ ጠየቅን፣ ማንም አያውቅም። በኋላ ተሳቢው መሳቢያ ሳጥን ውስጥ ግማሽ የፍሬን ዘይት ተገኘ። አያችሁ እንዴት እንደሚሆን? የጀልባው ተሳቢ ፍሬን አለው፣ ሃይድሮሊክ ከሆነ የፍሬን ዘይት ነው የሚወስደው፣ ያ ዘይት ደሞ እዛው ጀልባው አጠገብ ነው የሚቀመጠው። በተቃራኒውም ያው ነው፣ የመሪውን ዘይት ተሳቢው ፍሬን ውስጥ ብትጨምሩ የተሳቢውን ጎሚኒ ያሳብጠዋል፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የለም። ሁለት ዘይት፣ ሁለት አይነት ጎሚኒ፣ አንዱ የሌላው ጠላት፣ አንድ ሳጥን ውስጥ! እባካችሁ ለያዩዋቸው። እባካችሁ።

ሶስተኛው። ሆነ እንበል። ምን እናድርግ?

ቁልፉን አታዙሩ። ለማስነሳት ብቻ ሳይሆን "እስቲ ጌጁን ልይ" ብላችሁም እንዳታዞሩት። ብዙ ሞተር ላይ ቁልፉ ገና አንድ ደረጃ ሲዞር የኤሌክትሪክ ነዳጅ ፓምፑ ይነሳል፣ ታንክ ውስጥ የነበረውን ችግር ወደ መስመሩ ይልከዋል። ቁልፉን አውጡና ኪሳችሁ ክተቱት፣ ጓደኛችሁ መጥቶ እንዳያስነሳው። የነዳጅ ቫልቩን ዝጉ። ምን እንዳፈሰሳችሁና ምን ያህል እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ እቃውንም አትጣሉት፣ መካኒኩ ማየት አለበት።

"ትንሽ ስለሆነ በትክክለኛው ልሙላበትና ይቅጠን" የሚሉ አሉ። ይሄንን ስሰማ ደሜ ነው የሚፈላው። ማን ለካው ትንሽነቱን? ውሃ ነዳጅ ታንክ ውስጥ ከገባ አይቀጥንም፣ ከነዳጅ ስለሚከብድ ታች ይወርዳል፣ መሳቢያው ቧንቧ ደሞ የት ነው ያለው? ታች! አድብሉ የሚባለው የናፍጣ ሞተር ጭስ ማጽጃ፣ 32.5 ከመቶ ዩሪያ ያለበት ፈሳሽ፣ ናፍጣ ውስጥ ከገባም ያው ነው፣ ታች ይተኛል፣ ሲደርቅ ክሪስታል ይሰራል።

የሞተር ዘይት ቦታ የማይሆን ዘይት ገብቶ ካልተነሳ በሙሉ ይቅዱት፣ ፊልትሮ ይቀይሩ፣ ትክክለኛ ግሬድ ያለው ርካሽ ዘይት ሞልተው ጋዝ ሳይሰጡ ትንሽ ያስነሱት፣ እንደገና ይቅዱ፣ ፊልትሮ እንደገና፣ ከዛ ጥሩውን ዘይት። ማርሽ ቤት ከሆነ ሁለቱንም ቡሎን ፈትታችሁ እስከ መጨረሻው ጠብታ አንጠባጥቡ። ስትሞሉ ከታች ነው የሚሞላው፣ ከላይኛው ቀዳዳ ብቅ እስኪል ድረስ፣ አለበለዚያ አየር ይይዛል። መጀመሪያ የላይኛውን ዝጉ ከዛ የታችኛውን፣ የቡሎኖቹን ቀለበት ጋስኬት ደሞ በአዲስ ቀይሩ። የቀዳችሁት ዘይት ወተት መስሎ ከወጣ ሌላ በሽታ አለ፣ ውሃ ገብቷል፣ ውሃ የሚከለክለውን ማሸጊያ፣ ሲል የሚባለውን፣ ማየት ነው።

ተነስቶ ከነበረስ? አጥፉ፣ ዳግም አታስነሱ። ውሃ ላይ ከሆናችሁ መልህቅ ጣሉ፣ መጎተት ጠይቁ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር፦ ነፋሱ ወደ ድንጋይ እየገፋችሁ ከሆነ፣ መርከብ እየመጣባችሁ ከሆነ፣ እና ቤንዚን ቢልጅ ውስጥ ካልፈሰሰ፣ አስነሱት! ይሙት! ሞተር ብረት ነው፣ ይገዛል። ለመካኒክ ብላችሁ ሰው እንዳታሰጥሙ።

የቀዳችሁትን ቢልጅ ውስጥ አትልቀቁ። መርከቦች ባህር እንዳይበክሉ በወጣው ዓለም አቀፍ የማርፖል ስምምነት ትልልቅ መርከብ እንኳን ከ15 ፒፒኤም በላይ ዘይት ያለበትን የቢልጅ ውሃ ባህር ላይ መልቀቅ አይችልም፣ 15 ከሚሊዮን ማለት ነው። እናንተ ሙሉ ጀሪካን ልትለቁ?

እና አሁን፣ እዚህ ያላችሁ የጋራዥ ኃላፊዎችና የጀልባ ባለቤቶች፣ ለእናንተ ነው የማወራው። ስራ የተማርኩበት ቦታ አለቃችን ተቆጪ ነበሩ። እጃቸው ወርቅ ነው፣ አፋቸው ግን እሳት። አንድ አብሮን የሚሰራ ልጅ የትሪም ዘይት ወስዶ ሞተር ውስጥ አፈሰሰ። ወዲያው ነው ያወቀው፣ ባዶው እቃ እጁ ላይ እያለ ፊቱ ተለዋወጠ። ግን አለቃችን እዛው ቆመዋል። ምን አደረገ? ዝም አለ። "ማታ ሲሄዱ እቀዳዋለሁ" ብሎ አሰበ። ከሰዓት ባለቤቱ መጣ፣ ሌላ ሰው ምንም ሳያውቅ አስነስቶ ለሙከራ ይዞት ወጣ፣ ፉል ጋዝ። የትሪም ዘይት ለዛ ሙቀትና ጫና በጣም ቀጭን ነው፣ ክራንክ ሻፍቱን የሚሸከሙት ቤሪንጎች ተበሉ። ለመቅዳት የሚፈጀው ጊዜ እኮ ምሳ አይፈጅም ነበር! ሞተሩን የገደለው ማነው ታዲያ? ልጁ ነው? እኔ እንጃ፣ እኔ ግማሹን ለአለቃችን ነው የምሰጠው።

በኋላ የሰራሁበት ሌላ ቦታ ግን አንድ ህግ ነበር፦ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት የተናገረ አንድ ሳንቲም አይከፍልም፣ ቁጣም የለም። ከተነሳ በኋላ የተገኘ ይከፍላል። እመኑኝ፣ ሰው ሮጦ ነበር የሚናገረው! አንዳንዱማ ትክክለኛውን አፍስሶም "እስቲ እይልኝ" ብሎ ይመጣል። ይሄን ህግ ውሰዱት፣ ነጻ ነው፣ ቤታችሁ ያለ ልጅም ላይ ይሰራል።

እሺ፣ ሰዓቱን እያሳዩኝ ነው። ጥያቄ? አዎ፣ እህቴ።

"ለቱ ስትሮክ የተቀላቀለ ቤንዚን ፎር ስትሮክ ሞተር ውስጥ ብሞላስ?" ጥሩ ጥያቄ። ይጨሳል፣ አንድ ታንክ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ አይጎዳውም። ልማድ ካደረግሽው ግን ካንዴላው ይቆሽሻል። ከቻልሽ ቅጂውና ለቱ ስትሮኩ ስጪው፣ እሱ ደስ ይለዋል።

እዛ ጋ፣ ኮፍያ ያደረግከው። "የትሪም ዘይት አልቆብኝ የመኪና አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ብጨምርስ?" ኤቲኤፍ ማለትህ ነው። ለትሪም ብዙ አምራቾች ኤቲኤፍን ይቀበላሉ፣ አንዳንዱ ዋናው አድርጎታል፣ አንዳንዱ ለጊዜው ብቻ ይላል፣ የሞተርህን ማኑዋል እይ። ማኑዋሉ ከጠፋህ ሞተሩን ከጀልባው ጋር የሚያስረው ብራኬት ላይ ሞዴሉና ሴሪያሉ የተጻፈበት ፕሌት አለ፣ ፎቶ አንሳውና አምራቹን ጠይቅ። ለመሪው ግን በዚህ መልስ እንዳትጠቀም፣ መሪው ሌላ ሲስተም ነው፣ የራሱን ዘይት ነው የሚፈልገው። እየነቀነቅክ ነው፣ ጨምረህበታል እንዴ? (ሳቅ) ና ስንጨርስ አናግረኝ፣ ዛሬውኑ እንቀዳዋለን።